ዋቱን ተዉት፣ ከረጢቱን ጠይቁ

የምንኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊታችን አንዱ ሕንፃ አለቀ ስንል ሌላው ይጀመራል። ጠዋት የተወለወለ ቴሌቪዥን ከሰዓት በኋላ በጣት ስም ይጻፍበታል። ባለቤቴ ደግሞ ሳይነስ አለባት፤ ምንጣፍ በመጥረጊያ በተጠረገ ቁጥር አቧራው ተነስቶ ሶፋው ላይ ያርፋል፣ እሷም ስታስነጥስ ታመሻለች። አቧራ የሚስብ ማሽን፣ ቫክዩም፣ እንግዛ ስንል እናቴ "የምን ማሽን ነው፣ አውጥታችሁ አራግፉት" ትላለች። ትልቁን የሳሎን ምንጣፍ ተሸክማ አራት ፎቅ ብትወርድ እንዲህ የምትል አይመስለኝም።

መርካቶ የገባሁበት ሱቅ ያለው ወጣት ገና ሳልጠይቀው አንዷን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ "ጋሼ፣ ይቺ 2400 ዋት ናት! ምንጣፉን ከነሶፋው ነው የምትስበው" አለኝ። እኛ ጋ ቫክዩም የሚሸጠው በዋት ነው። ዋት ግን ማሽኑ የሚበላውን መብራት እንጂ የሚስበውን አቧራ አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 የተለመደውን የቤት ቫክዩም ከ1600 ዋት በታች፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በታች እንዲሆን አስገድዷል፤ የአውሮፓ ምንጣፍ በዚህ ምክንያት አልቆሸሸም። እንግሊዝ አገር ሄንሪ የሚባል፣ ፊት የተሳለበት ቀይ ቫክዩም አለ፤ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጽዳት ሠራተኞች ሲጎትቱት ይውላሉ። የዛሬው ሄንሪ 620 ዋት ብቻ ነው። ለልጁ ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩለትም፤ "እስቲ ሰካው" ነው ያልኩት።

መጀመሪያ የቱቦውን አፍ በመዳፌ ዘጋሁት። ደህና ማሽን መዳፍን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፣ የሞተሩም ድምፅ ወዲያው ይቀጥናል፤ ካልተለወጠ ከመገጣጠሚያው አየር እያፈሰሰ ነው። ይህን አለፈች። ቀጥሎ ሶፍት ትንሽ አርጥቤ ከኋላ አየር በምታወጣበት ወንፊት ላይ ያዝኩና ልጁ ከመደርደሪያው ሥር ያለውን አቧራ እንዲስብ አደረግኩ። ሱቁ በነፃ ሲጸዳለት እንኳ ደስ አላለውም። ሶፍቱ ሻይ የፈሰሰበት መሰለ። ያ 2400 ዋት ከፊት የሳበውን ደቃቅ አቧራ በኋላ በኩል መልሶ ሱቁ ውስጥ እየነፋው ነበር ማለት ነው። ሳይነስ ላለበት ሰው እንዲህ ያለው ከመጥረጊያ አይሻልም፤ አቧራውን ያው ወደ አየር ይመልሰዋል።

ካርቶኑ ላይ "ሄፓ" ተብሎ ስለተጻፈ አትመኑ። እውነተኛው የሄፓ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚያህለውን ብናኝ 99.97 በመቶ ያስቀራል፤ እጥፋት እጥፋት ያለው፣ ወረቀት የሚመስል ነገር ነው። ክዳኑን አስከፍቱ። ውስጡ ያገኛችሁት ስፖንጅ ብቻ ከሆነ ካርቶኑን መልሱለት።

የወሰድኩት ባለ በርሜሉን ነው፤ እርጥብም ደረቅም የሚስበው፣ 1000 ዋት፣ አቧራው የሚጠራቀምበት ከረጢትም ፊልተርም ያለው። በዚያው ሶፍት ሲፈተን ነጭ እንደሆነ ቀረ። የምርቱን ስም የማልጠራው ሱቆቹ የሚያመጡት በየጊዜው ስለሚለያይ ነው፤ ዛሬ ያያችሁትን በሚቀጥለው ወር ላታገኙት ትችላላችሁ። ዓይነቱን ያዙ። የዚህ ዓይነቱ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው በራሱ የተለየ አየር ነው። የተለመደው የቤት ቫክዩም ግን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በሚስበው አየር ስለሆነ፣ ፊልተሩ በሲሚንቶ ብናኝ በተደፈነ ቁጥር ይግላል፤ ደህናው ራሱን ያጠፋል፣ ርካሹ ይቃጠላል። የልብስ ማጠቢያችን ውኃ ለቆ ሳሎን የገባ ቀን ደግሞ ከረጢቱን አውጥተን፣ የውኃውን ፊልተር አድርገን በበርሜሉ ቀዳነው። የዚያን ቀን እናቴም ዝም አለች።

ዋናው ጥያቄ "ከረጢቱ አለህ ወይ?" ነው። ሻጩ ከረጢቱን ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ የሚሸጥላችሁ ከረጢቱ እስኪሞላ የምታገለግል ማሽን ነው። አንዳንድ ሰው ከአቡጀዲ ያሰፋል። አቡጀዲ ቆሻሻውን ይይዛል፣ ደቃቁን ግን ያሳልፋል፤ ማሽኑ የተገዛው ደግሞ ለደቃቁ ነው። ያለ ከረጢት የሚሠራው፣ ባለ ጎድጓዳ ፕላስቲኩ፣ ወጪ ይቀንሳል፤ ግን ስትደፉት በረንዳ ላይ በአቧራ ትታጠናላችሁ። ፊልተሩ የሚታጠብ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይገጠምም፤ ክረምት ላይ ይህ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። የሲሚንቶ ብናኝ ያለበትን ደግሞ ከማጠብ በፊት በደንብ አራግፉት፣ አለበለዚያ ይጋገራል።

ከውጭ የሚመጣ መመሪያ ስለ ቄጤማ አይጽፍም። የበዓል ማግስት ቄጤማውን በቫክዩም ለመሳብ አትሞክሩ፤ የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው ከሆነ እንደ ክር ይጠመጠምበታል፣ ከሌለው ቱቦው የሚታጠፍበት ላይ ይሰነቀራል። ቄጤማው በመጥረጊያ፣ የቀረው ፈንዲሻና ትቢያ በማሽን። ከረከቦቱ አጠገብ የወደቀ ከሰልና አመድ ግን የጠፋ ቢመስልም አይነካ። ውስጡ ፍም ካለ ማሽኑ ራሱ ያራግበዋል፤ ከረጢቱ ደግሞ ወረቀትና አቧራ ነው።

መብራቱስ? 1000 ዋት በ220 ቮልት 4.5 አምፔር ገደማ ነው። ርካሽ ዲቫይደር ላይ አትሰኩት፣ ግድግዳው ላይ ይሁን። እንጀራ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ሁለቱን አንድ ላይ ማሠራት ብሬከር ሊያስወርድ ይችላል። መብራት በመሃል ከሄደ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ሲመለስ እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

ከአሜሪካ የሚላክም አለ። ጎረቤታችን እህቷ ከሜሪላንድ የላከችላትን አዲስ ቫክዩም በአዳፕተር ሰካችው። አዳፕተር የሶኬቱን ቅርፅ ነው የሚቀይረው፤ 220 ቮልቱ እንዳለ ገባ። ማሽኑ ጩኸቱን አንዴ ለቀቀውና የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ በቃ። የእነሱ መስመር 120 ቮልት ነው፤ ማሽኑ ላይ 12 አምፔር የሚል ካያችሁ ወደ 1440 ዋት ይሆናል፣ እሱን የሚችለው ትራንስፎርመር ደግሞ በክብደትም በዋጋም አስቡት። ዘመድ የግድ ልላክ ካለ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ባለ ባትሪ ይላክ። ባትሪው ሲሞት እዚህ ተተኪ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው፤ ለደረጃና ለመኪና ግን ይመቻል። ራሱ እየዞረ የሚጠርገውን ሮቦት ቫክዩም ቄጤማ ላይ ያሰማራ ሰው ካለ ቪዲዮውን ይላክልኝ።

የእኛዋ እንከን የላትም አልልም። ትጮኻለች፤ እሁድ ጠዋት ላይ ካስነሳኋት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጣሪያውን ይደበድባሉ። በርሜሏ ሰፊ ስለሆነች ከአልጋ ሥር ራሷ አትገባም፣ ቱቦው ብቻ ነው። ገመዷም አጭር ነው፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ስንሻገር እየነቀልን እንሰካለን። ዋጋ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የጻፍኩት ቁጥር ሳታነቡት ያረጃል። ደረሰኝና ማኅተም ያለበት የዋስትና ወረቀት ሳትይዙ ግን አትውጡ፤ መለዋወጫ ፊልተርም ያኔውኑ ግዙ።

ቤታችሁ ምንጣፍ የሌለው ሴራሚክ ብቻ ከሆነ፣ ሳይነስ ያለበትም ሰው ከሌለ፣ እርጥብ መወልወያ ይበቃችኋል። ገንዘቡን ለመስኮት ላስቲክ አውሉት፤ አቧራው የሚገባው በዚያ ነው።