መኪናችሁ ውስጥ የምትኖሩ፣ ኢንሹራንስ በደላላ አታስጨርሱ

ከኢንሹራንስ ቢሮው ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ደሜ እንደፈላ ነው።

የምኖረው አይሱዙ ቅጥቅጥ ውስጥ ነው። ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋና ምድጃ አስገባሁበት። በጣና ዙሪያ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ፤ አንድ ሳምንት ወረታ፣ አንድ ሳምንት ደልጊ። ባሕር ዳር ስሆን ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር አቆማለሁ።

ደላላውን ታውቁታላችሁ። ቢሮው በር ላይ ፎልደር በብብቱ ይዞ የሚቆም፣ «ወንድሜ፣ ምን ጎደለህ?» የሚል።

ሁለት ነገር ጎድሎኝ ነበር። ከደብረ ማርቆስ መሸኛ ይዤ ብመጣም ያለ ቤት ቁጥር መታወቂያ አላገኘሁም። ሦስተኛ ወገን ደግሞ እኔ ለምጎዳው ሰውና ንብረት እንጂ ለራሴ መኪና አይከፍልም። ቤቴ እሱ ስለሆነ ሙሉ ኢንሹራንስ ፈለግሁ። ሁለቱንም እጨርስልሃለሁ አለኝ። ለአረቦን (ለኢንሹራንሱ ክፍያ) 31 ሺህ፣ ለእሱ 6 ሺህ ብር ቆጠርኩ። በዘመዱ ቤት ቁጥር መታወቂያውን አስወጣልኝ። መኪናው ውስጥ እንደማድር ነግሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «ተወው፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለ። ቅጹን ሞላ፤ እኔ ፈረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት፣ በዚያ ዝናብና ነፋስ፣ የዋርካው ቅርንጫፍ ጣሪያዬ ላይ ወደቀ። ላሜራው እስከ ትራሴ ድረስ ጎደጎደ። የተረፍኩት ዝናቡ ሲያፈስብኝ ወደ ምድጃው በኩል ሸሽቼ ስለነበር ነው። ጋራዥ 180 ሺህ ብር አለኝ።

ዛሬ ስሄድ ሠራተኛዋ ቅጹን ወደ እኔ አዞረችው። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። የጥፍሯ ቀለም ግማሹ ተልጧል፤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። «አገልግሎት፦ የሕዝብ ማመላለሻ።» ጣቷ ወረደ። «የሚያድርበት፦ ዘበኛ ያለው ግቢ።»

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«ነው።»

«ወደ ቤት ቁጥሩ ሰው ልከን ነበር። የቤቱ ባለቤት አላውቀውም አሉ።» ከዚያ አጠገቧ ወዳለው ልጅ ዞራ፣ «ቤት የሌለው ሰው የቤት ቁጥር ከየት ያመጣል?» አለችው። ሳቁ። እኔ እዚያው ፊታቸው ቆሜያለሁ።

የ1952ቱ ንግድ ሕግ መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን በትክክል እንዲያስታውቅ ያዛል። እኔ ተናግሬያለሁ፣ ግን ለደላላው። ወረቀቱ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ የፈረምከው አንተ ነህ» ብሎ ዘጋብኝ።

የሚያንገበግበኝ ማንበብ መቻሌ ነው። የፓምፕ ማኑዋል ሳላነብ አንዲት ብሎን አልፈታም። ሁለት ገጽ ቅጽ ግን ሳላገላብጥ ፈረምኩ። ሰውዬው ቡና ጋብዞኝ ነበር፤ ፊቱ ቁጭ ብዬ ማንበብ እሱን መጠርጠር መሰለኝና አፈርኩ። ይህችን ሐፍረት ነው በ37 ሺህ ብር የገዛሁት።

ቅጹን ራሳችሁ ሙሉት። እንደምታድሩበት በጽሑፍ አስገቡና ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ያዙ። አንሸፍንም ካሉ ቢያንስ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ይቀራል። ፎልደሩ ጥቁር ነው፤ ስወጣም እዚያው በር ላይ ሌላ ሰው ይዞ ነበር።