ኤፔክስ አክሰለሬተር፦ ነፃ ነው ብዬ የናቅኩት ቢሮ

ኤፔክስ ትንንሽ ድርጅቶች ለመንግሥት እንዲሸጡ በነፃ የሚረዳ ቢሮ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱ ለምን እንደጎደለ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ የጽዳት ድርጅት አለችኝ። 6 ሠራተኛ፣ 2 ቫን፣ ማታ ማታ ቢሮ እናጸዳለን። ከመንግሥት ኮንትራት ለመውሰድ መጀመሪያ ሳም ዶት ጎቭ (የፌዴራል መንግሥቱ የሻጮች መመዝገቢያ ድረ ገጽ) ላይ መመዝገብ፣ ከዚያ በሴት የተያዘ ድርጅት ነው የሚል ሰርተፊኬት ማውጣት አለብሽ ሲሉኝ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ መንገድ ሳልሄድ ደከመኝና ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አንድ «አማካሪ» ጋ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። 599 ዶላር አለኝ፣ ከፈልኩ።

ምን አገኘሁ? ንስር ያለበት፣ የሚያምር፣ የማንም መሥሪያ ቤት የማይቀበለው ወረቀት በኢሜይል። ምዝገባውንም የድርጅቴን ስም ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ደብዳቤው ጋር በማይገጥም መንገድ ሞልተውት ስለነበር ተመልሶ መጣ። ስሙ ታክስ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ካለው ጋር ካልገጠመ አያልፍም። ይሄን እንኳ የማያውቅ ሰው ነው ገንዘቤን የበላው። ደግሞ የሚያናድደው፣ ምዝገባው ከመነሻው ነፃ ነው! ለድርጅቱ የሚሰጠው ባለ 12 ፊደልና ቁጥሩ መለያም (ከ2022 ሚያዝያ ወዲህ የድሮውን ደንስ ቁጥር የተካው) ነፃ ነው፣ የፌዴራሉ አነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት ኤስቢኤ የሚሰጠውን ሰርተፊኬት ለማመልከትም እሱ ሳንቲም አይጠይቅም።

ኤፔክስን የነገረችኝ የዕድራችን ሰው ናት። ድሮ ፒታክ የሚባለው ነው፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ መከላከያ ሚኒስቴሩ በጀት የሚመድብለት። ነፃ ነው ስትለኝ ወዲያው ጠረጠርኩ፣ ነፃ ነገር ምን ጊዜ ይጠቅማል ብዬ። ሁለት ወር አቆይቼ ነው የሄድኩት።

የመጀመሪያው ቀጠሮ በዙም ነበር። እኔ ስለ ሰርተፊኬት ላወራ፣ የኤፔክሷ ባለሙያ «ቆይ፣ አንቺ የምትሸጪውን የሚገዛው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ባለፈው ዓመት ከማን ገዛ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ጠይቄ አላውቅማ። ለካ መንግሥት ከማን በስንት እንደገዛ በይፋ የሚታይ ነገር ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ እሱን ስንፈልግ ዋልን።

ከዚያ የድርጅቱን የመተዳደሪያ ውል ላኪ አለችኝ። እዚህ ጋ ነው ጉዱ። እኔና ባለቤቴ ስንከፍተው እኩል በእኩል ብለን ጽፈን ነበር፣ «ትልልቅ ውሳኔ ሁለቱም ሲፈርሙ ብቻ» የሚል አንቀጽም አለበት። በሴት የተያዘ ድርጅት ለመባል ግን ቢያንስ 51 በመቶው የሴት መሆን አለበት፣ ያውም ሲቲዘን የሆነች፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ድርሻው ብቻም አይደለም፣ የበላይ ኃላፊዋም በየቀኑ የምትወስነውም እሷ መሆን አለባት። የባል ፊርማ የግድ ከሆነ አለቀ፣ 90 በመቶ ቢኖራትም አያልፍም። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው «እና ልታባርሪኝ ነው?» አለኝ። እሱ ቀን ሌላ ሥራ አለው፣ ድርጅቱን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ወረቀቱን ወደ እውነቱ ነው ያመጣነው። ወረቀት ላይ ብቻ ሚስቱን ባለቤት የሚያደርግ ሰው ካለ ግን ይተወው፣ ለፌዴራል መንግሥት መዋሸት ወንጀል ነው።

ስለ ሌሎቹም ጠየቅኳት። ኤይት ኤ የሚባለው በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ወደኋላ ለቀሩ ባለቤቶች የሆነ፣ በሕይወት አንዴ ብቻ የሚገባበት፣ ለ9 ዓመት የሚቆይ ፕሮግራም ነው። ሰዓቱ የሚቆጥረው ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ልምድ ሳይኖርሽ ብትገቢ ዓመቶቹን ታባክኛቸዋለሽ አለችኝ። ሀብዞን የሚባለው ደግሞ ዋናው ቢሮ በኢኮኖሚ ወደኋላ ቀርቷል ተብሎ ካርታ ላይ በተለየ አካባቢ እንዲሆን፣ ከሠራተኞቹም 35 በመቶው እዚያው ዓይነት አካባቢ እንዲኖሩ ይፈልጋል። የኔ ቢሮ ካርታው ላይ የለም፣ አለፍነው።

መንግሥት ከኮንትራት ገንዘቡ 23 በመቶውን ለአነስተኛ ድርጅቶች፣ 5 በመቶውን በሴቶች ለተያዙት ለመስጠት ግብ አለው። ይሄን ስሰማ ሰርተፊኬቱ ሲመጣ ስልኬ የሚጮህ መስሎኝ ነበር። መጣ። ስልኩ ጭጭ። ግቡ የመንግሥት ነው እንጂ የኔ ድርሻ ተቀምጦልኝ አይደለም። ለሴቶች ብቻ የሚከፈተው ጨረታም በተወሰኑ የሥራ ኮዶች (የሥራ ዓይነት መለያ ቁጥሮች) ብቻ ነው፣ የናንተን ኮድ ሳታዩ አትድከሙ።

አሁን ስለጎደለው ኮከብ። ለጨረታ የምታስገቡትን ሰነድ አይጽፉላችሁም። ያነቡላችኋል፣ ያርሙላችኋል፣ ግን የሚጽፈው እናንተ ናችሁ። ሥራቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከ40 ገጽ እንግሊዝኛ ጋር ብቻዬን ስፋጠጥ ኮከቡን ቀነስኩ፣ በቃ። የሚልኩት የጨረታ ማስታወቂያም የሚመጣው በሰጣችኋቸው ቃል ነው፤ እኔ «ጽዳት» ብቻ ብዬ የአላስካ ማስታወቂያ ሳይቀር ሲደርሰኝ ከረመ። አጥፊዋ እኔ ነኝ።

እስካሁን 4 ጨረታ ገብቼ አንዱን አሸንፌያለሁ፣ የካውንቲ ትንሽ ሥራ። ለሱ የፌዴራሉ ሰርተፊኬት እንኳ አላስፈለገም፤ ሞንጎምሪ ካውንቲ ለአካባቢው አነስተኛ ድርጅቶች የራሱ መዝገብ አለው፣ ስቴቱም እንዲሁ። «ከቅርብሽ ጀምሪ፣ የሠራሽው ሥራ ማስረጃ ይሆንሻል» ያለችኝ ያቺው ሴትዮ ናት።

ስትሄዱ የመተዳደሪያ ውላችሁን፣ የአይአርኤስ ደብዳቤውንና የ3 ዓመት ታክስ ያዙ፣ ለሁለተኛ ቀጠሮ ከመመላለስ ትድናላችሁ።

599 ዶላሬን መልሱልኝ ብዬ ሁለቴ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። የሳም ምዝገባ በየዓመቱ ይታደሳልና ባለፈው ሳምንት ግን ራሳቸው ደወሉልኝ፣ «ሊቃጠልብሽ ነው፣ እናድስልሽ» ብለው።