የመኪናችንን ረዳት ባትሪ ወደ ሊቲየም ለቀየሩልን የሶማሌ ተራ ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ አነስተኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ ያላቸው አንድ ባለሙያ ለመኪናችን የሠሩትን ሥራ ለማመስገንና ተመሳሳይ ሥራ ለማሠራት ለምታስቡ ባለንብረቶች እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ «ባለሙያው» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ እንዴት እንደሚገኙ ግን መጨረሻ ላይ እገልጻለሁ።

መኪናችን አልጋ፣ ማብሰያ፣ ማቀዝቀዣና የውኃ ፓምፕ የተገጠመላት ሃይሩፍ ስትሆን፣ ከባለቤቴ ጋር እንግዶችን ይዘን ወደ ባሌ፣ ወደ አፋርና ወደ ደቡብ የምንጓዘው በእርሷ ነው። ሞተር ከሚያስነሳው ባትሪ ሌላ፣ የውስጡን ዕቃ የሚያሠሩ እያንዳንዳቸው 100 አምፒር-ሰዓት የሚይዙ ሁለት የእርሳስ አሲድ ባትሪዎች ነበሯት። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመረጥ፣ ከ200ው ውስጥ ሳንሰጋ የምንጠቀምበት 100 ያህሉን ብቻ ነበር፤ ባትሪዎቹ እያረጁ ሲሄዱ ደግሞ ያም ቀነሰና ማቀዝቀዣው ሞተር ሳይነሳ ሌሊቱን መዝለቅ አቃተው። በዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ የእንግዶች ምግብ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የስኳር ሕመም ያለበት እንግዳ ኢንሱሊን ጭምር ስለሚቀመጥ፣ ነገሩን በዝምታ የምናልፈው አልነበረም።

ወደ እሳቸው ከመሄዳችን በፊት ያነጋገርናቸው ሰዎች የሰጡን መልስ ተመሳሳይ ነበር፤ አሮጌዎቹን ነቅሎ ሊቲየሙን በዚያው ሽቦ ላይ ማሰር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በመበርከቱ ስለ ሊቲየም የማያወራ ጋራዥ የለም። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መኪና ከመነሻው ለሊቲየም ታስቦ የተሠራ ነው፤ የእኛ ሃይሩፍ ግን ዲናሞዋም፣ ሽቦዋም፣ ቻርጀሯም የተዘጋጁት ለእርሳስ ባትሪ ነው። ይህን ልዩነት ከሁሉ አስቀድመው ያነሱልን ባለሙያው ናቸው።

መኪናዋን ይዘን ስንሄድ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ከአንዲት ሠራተኛቸው ጋር ቁጭ ብለው እኛን መጠየቅ ነበር። ማቀዝቀዣው ስንት ዋት እንደሚስብ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ላይ ምን እንደምንሰካ፣ አንድ ቦታ ላይ ስንት ሌሊት እንደምናድር፣ በቀን ምን ያህል ሰዓት እንደምንነዳ፣ ሁሉንም በወረቀት መዘገቡ። ቀጥለው አሮጌዎቹን ባትሪዎች ኃይል እየተሳበባቸው ሳለ ለኩ፤ ከዚያም ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ ዲናሞው ላይ ሙቀት መለኪያ ደግነው ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ አሳዩን። የሊቲየም ባትሪ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቃወመው የውስጥ ሬዚስታንሱ እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ዲናሞው ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል በሙሉ ሳይታክት ይስባል፤ ዲናሞው ደግሞ በዝግታ ሲዞር ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ነፋስ አነስተኛ ስለሆነ፣ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ከተሠቃየ ይቃጠላል። «ልጄ፣ ባትሪው ደኅና ሆኖ ዲናሞው ቢቃጠል መንገድ ላይ የምትቀረው አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚህም ሌላ የባትሪው ጠባቂ የሆነው ቢኤምኤስ የተባለው መቆጣጠሪያ በድንገት ግንኙነቱን ቢቆርጥ፣ ዲናሞው ኃይሉን የሚያወርድበት ቦታ አጥቶ ቮልቴጁ በቅጽበት ስለሚዘል በውስጡ ያሉት ዳዮዶች (ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ክፍሎች) ሊበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ በመካከሉ ከ30 አምፒር በላይ የማያሳልፍ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር፣ ማለትም የዲናሞውን ኃይል ለሊቲየሙ በሚስማማ መጠን የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ ገጠሙ፤ ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ ግን ባለበት፣ በእርሳስነቱ እንዲቆይ አደረጉ። 30 አምፒር ትንሽ መስሎን ነበር። ሆኖም ከአዲስ አበባ እስከ ባሌ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው መንገድ ብቻውን ባዶ ሊሆን የቀረበ ባትሪን ከሞላ ጎደል እንደሚሞላ በሒሳብ ሲያስረዱን አሳማኝ ሆኖ አገኘነው።

ባትሪውን የገጣጠሙት በጋራዣቸው ውስጥ ነው። እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልትና 280 አምፒር-ሰዓት የሆኑ አራት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎችን ተጠቀሙ፤ አራቱ በተከታታይ ሲታሰሩ 12.8 ቮልት ይሰጣሉ። በተከታታይ ከማሰራቸው በፊት ግን አራቱንም ጎን ለጎን አገናኝተው እስከ 3.65 ቮልት ቀስ ብለው በመሙላት እኩል አደረጓቸው። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ለዚህ ነው። እኩል ያልሆኑ ሴሎች ግን አንዱ ቀድሞ ሲሞላ ቢኤምኤሱ ሁሉንም ስለሚያቆም፣ የተከፈለበት አቅም ሳይሠራበት ይቀራል። አሁን ሳንሰጋ የምንጠቀምበት ኃይል ቀድሞ ከነበረው 1.2 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ወደ 3 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ አድጓል፤ ክብደቱ ግን 60 ኪሎ ገደማ የነበረው ከግማሽ በታች ሆኗል።

ከሥራው ሁሉ በጥልቀት ላመሰግናቸው የምፈልገው ስለ ብርዱ ስላደረጉት ጥንቃቄ ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖም ኃይል መስጠት ይችላል፤ መቀበል ግን የለበትም። በብርድ ውስጥ ሲሞላ ሊቲየሙ በሴሉ ውስጥ ወዳለው ግራፋይት (ሊቲየሙ የሚከማችበት ካርቦን) መግባት ሲገባው ላዩ ላይ እንደ ብረት እየተለጠፈ ይቀራል፤ በዚህ የጠፋ አቅም አይመለስም፤ ሲደጋገምም በሴሉ ውስጥ አጭር ዙር (ሾርት) እስከመፍጠር ሊደርስ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም። እኛ ግን በባሌ ወደሚገኘው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የሳነቲ አምባ እንወጣለን፤ እዚያ በበጋ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ፀሐይ ጣሪያው ላይ ያለውን ሶላር ስትመታ ደግሞ ባትሪው ገና እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሳለ ኃይል መግባት ይጀምራል። ባለሙያው ይህን ከእኛ ጉዞ ዝርዝር ውስጥ ራሳቸው ለይተው አወጡት እንጂ እኛ አልጠየቅናቸውም።

የመረጡት ቢኤምኤስ ሙቀቱ ሲወርድ ሙሌቱን የሚያቆም ነው። ወረቀቱ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ግን አላመኑትም። የባትሪውን ሳጥን ከመዝጋታቸው በፊት ሠራተኛቸው በረዶ አስመጥታ በብርጭቆ ውስጥ ከጨው ጋር ደባለቀች፤ ከቢኤምኤሱ በሚወጣ ሽቦ ጫፍ ላይ ያለችውንም ጥቁር የሙቀት መለኪያ በፌስታል ጠቅልላ እዚያ ውስጥ ከተተችው። ቻርጀሩ እየሠራ፣ አንድ አምፖልም በባትሪው እየበራ ነበር። ሁላችንም ዓይናችንን መቆጣጠሪያው ላይ ተክለን ስንጠብቅ የሚገባው ኃይል በድንገት ዜሮ ሆነ፤ አምፖሉ ግን ሳይደበዝዝ መብራቱን ቀጠለ። መለኪያዋን ከበረዶው አውጥታ በመዳፏ ስትይዛት ሙሌቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ ተመለሰ። ባለሙያው ይህን ካዩ በኋላ ነው «አሁን ዝጊው» ያሏት።

የቦታ ምርጫቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሃይሩፍ ሞተር ከፊት መቀመጫዎች ሥር በመሆኑ ባትሪውን ከእርሱ አርቀው፣ ከኋላ ባለው አልጋ ሥር፣ በመኪናዋ ውስጥ አስቀመጡት፤ ሌሊት የእኛው ሙቀት እንዲደርሰው፣ በአፋር ሐሩር ደግሞ የሞተር ሙቀት እንዳይጨመርበት። እንዲህ ያሉ ባትሪዎች በከፍተኛ ሙቀት እንዲሞሉ ስለማይመከር፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ በሚወርደው የደናክል ምድር ይህ ጥንቃቄ ከብርዱ አያንስም። በፒስታ መንገድ እንዳይንገጫገጭም ሳጥኑን በብረት ክፈፍ ከወለሉ ጋር በብሎን አስረውታል።

ከአዎንታዊው ጫፍ አጠገብ የገጠሙት ፊውዝ ተራ የመኪና ፊውዝ አይደለም። እነዚህ ሴሎች በአጭር ዙር ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ሊለቁ ስለሚችሉ፣ ተራው ፊውዝ ከቀለጠ በኋላም በብልጭታ ኃይል ሊያሳልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ለዚህ የሚሠራውን ክላስ ቲ የተባለውን ፊውዝ አደረጉ። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ኮባልት ካለባቸው ዓይነቶች ይልቅ በሙቀት የሚረጋ መሆኑን ቢነግሩንም፣ ያንን ለመዘናጋት ምክንያት አላደረጉትም።

ከግድግዳ የሚሞላውን አሮጌ ቻርጀራችንን እንዳንጠቀምበት በግልጽ አስጠንቅቀውናል፤ የእርሳስ ባትሪን ለማደስ ቮልቴጁን ከ15 በላይ የሚያወጣበት ደረጃ አለውና። የሶላሩንም መቆጣጠሪያ በ14.2 ቮልት እንዲያበቃ አስተካክለውታል። የቮልት መለኪያችን ከአሁን በኋላ ብዙ እንደማይነግረን ያስረዱንም እሳቸው ናቸው፤ የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከሙሉ እስከ ሩብ ድረስ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ የገባውንና የወጣውን ኃይል ሻንት በተባለ የፍሰት መለኪያ የሚቆጥር መሣሪያ አስገቡልን። ባለቤቴ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት የቀረውን ኃይል በመቶኛ አንብባ ትነግረኛለች፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ስለ ዋጋው፣ ርካሽ ነው ብዬ ማንንም አላታልልም። ነገር ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለየብቻ በጽሑፍ ሰጡን፤ በመጨረሻም ከዚያ ወረቀት የተለየ ነገር አልጠየቁንም። እኛ እዚያ ሳለን የመጣን አንድ ደንበኛ፣ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ቆማ የምትውል መሆኗን ሲሰሙ፣ ሊቲየም እንደማያስፈልገውና ጥሩ የእርሳስ ባትሪ እንደሚበቃው ነግረው አሰናብተውታል። ሊሸጡ የሚችሉትን ዕቃ «አያስፈልግህም» የሚል ባለሙያ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ በዚህ ሥራ የቆያችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። አሮጌዎቹን የእርሳስ ባትሪዎችም መልሶ ለሚያቀልጥ ተረካቢ እንዲሄዱ አደረጉ እንጂ አሲዱን የትም አላፈሰሱም።

ለሠራተኛቸውም የተለየ ምስጋና አለኝ። ወፍራሞቹን ሽቦዎች በሃይድሮሊክ መጨመቂያ ያሰረችው፣ ከዚያም እያንዳንዱን በሙሉ ኃይሏ ጎትታ የፈተነችው፣ በየጫፉም የሚያገለግለውን ነገር በአማርኛ ጽፋ የለጠፈችው እርሷ ናት። እኔ መንገድ ላይ ችግር ቢገጥመኝ የቱ ሽቦ የማቀዝቀዣው፣ የቱ የፓምፑ እንደሆነ አሁን አንብቤ አውቃለሁ።

ባለሙያውን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ስለሰጡኝ ስልካቸውን እልክላችኋለሁ። የሚሠሩት በቀጠሮ ሲሆን እሑድና በበዓላት ቀን ዝግ ናቸው። ስትሄዱ በመኪናችሁ ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ዝርዝር ከነዋታቸው ጽፋችሁ ያዙ፤ ሴሎቹን እኩል የማድረጉ ሥራ ስለማይጣደፍም መኪናዋን ለጥቂት ቀናት እዚያው ለመተው ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።