ሐረጎ ላይ ፍሬን እምቢ ሲል፦ ኮምቦልቻ ያገኘነው ጋራዥ

ስም የለውም። ቆርቆሮው ላይ በቀይ ቀለም «ፍሬን፣ ፍሪሲዮን» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። እኔ ግን ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

መኪናችን አሮጌ ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿን አውጥተን አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ የ60 ሊትር ውሃ ማጠራቀሚያና ለመብራት የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ገጥመንላታል። ባለቤቴ «ቤታችን» ይላታል። የምነዳት እኔ ነኝ። ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት አድረን፣ ዓሣችንን በልተን እየተመለስን ነበር።

ሐረጎን የወረደ ያውቀዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚያች መንገድ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ጥፋቱ የእኔም ነው። ከፊቴ የጫነ ሲኖትራክ ይንፏቀቃል፤ እኔም እግሬን ከፍሬን ሳላነሳ ከኋላው ወረድኩ። መጀመሪያ ሽታ መጣ። ባለቤቴ «ምድጃውን አላጠፋሁትም እንዴ?» ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ከዚያ ፔዳሉ ልፍስፍስ አለ። ደግሜ ስረግጠው ወለሉን ነካ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ፣ ሰፋ ያለ ዳር አግኝቼ አቆምኩ። ጉልበቴ ለሩብ ሰዓት አልታዘዘኝም።

ሲበርድ ፔዳሉ ተመለሰ። በአንደኛ ማርሽ እየተንቀረፈፍን ኮምቦልቻ ገባን።

መካኒኩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ወሬ የጀመሩት ከባለቤቴ ጋር ነበር። «ሹፌሯ እሷ ናት» ሲላቸው ዞር ብለው «አብሽሪ እህቴ፣ አረፍ በይ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እሱን አንድ ጥያቄ አልጠየቁትም።

አራቱንም ጎማ አስፈቱ። ተጭኖ መኪናዋን የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ገና ይሠራል አሉ። እንደዚያ ደንግጬ እያለ «ሸራው አልቋል» ቢሉኝ ሳልከራከር እከፍል ነበር። ቀጥለው አሮጌውን ፍሬን ዘይት በውሃ ኮዳ ቀድተው ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጉት። ደህናው ዘይት ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ይሄኛው አቦል ነበር፤ ቶና እንኳ አይባልም። ከጉዞው በፊት አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ይህንኑ ዘይት «ቀይረናል» ብሎ አስከፍሎኛል። ደረሰኙ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከገባበት ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ሸራውን አይገፋም። እሳቸው ይህን ሁሉ ባጭሩ ጨረሱት፦ «ዘይትሽ ፈላ። በረደና ተመለሰ። ነገ ቁልቁለት ሲያገኝ ደሞ ይፈላል።» ያንን ሁሉ ውሃ ሞልቼ ቁልቁለት በመውረዴም ተቆጡኝ። ልክ ናቸው፤ 60 ሊትር ማለት 60 ኪሎ ነው።

አዲሱ ዘይት ገብቶ ከፍሬኑ ቱቦዎች አየሩን ስናስወጣ ፔዳል የምረግጠው እኔ ሆንኩ። ከሥር «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» ይላሉ። ከቀጭኗ የጎማ ቱቦ ጫፍ አረፋው ቡልቅ ይላል። አራተኛው ጎማ ላይ ስንደርስ ፔዳሉ ደንደን ሲል እግሬ ላይ ተሰማኝ። ደስ የሚል ነገር ነው።

የአልጋው መብራትም ከሐይቅ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ረዳታቸው ልጅ ባትሪውን ሊያይ ሲገባ በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። ቤት መሆኗ የገባው እሱ ብቻ ነው። ሽቦው ተቃጥሎ ነበር፤ ቀየረውና ፊውዝ አደረገበት። መጀመሪያ ስንገጥመው ፊውዝ አለማድረጋችን ያሳፍራል።

ግማሽ ነጥብ ለምን ቀነስኩ? መለዋወጫ አያስቀምጡም፤ ለዘይቱ ልጁን በባጃጅ ላክነው። ደረሰኝ የለም፣ ሽንት ቤትም የለም። ቀኑ ዓርብ ስለነበር ለጁምዓ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግተው ሄዱ፤ መኪናዋ ክሪክ ላይ እንደተሰቀለች ጠበቅን። ይሄ እንኳ ቅሬታ አይደለም፣ ጎረቤት ያለችው ሴትዮ ቡና ጠርታን እስከ በረካ ጠጣን። ግን ዓርብ የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ድረሱ።

የእጅ ዋጋ፣ መብራቱን ጨምሮ፣ 1,500 ብር ከፈልኩ። ልንወጣ ስንል ያንን ኮዳ ክዳኑን ጠበቅ አድርገው በመስኮት አቀበሉኝ። «ለአዲስ አበባው ሰውዬ አሳዪልኝ» አሉ።

ኮዳው አሁን አልጋው ሥር ነው። ሰኞ እወስድለታለሁ፣ ከነደረሰኙ።