የእምዬን ዳዊት ያስጠረዝኩበት ሱቅ

ሐዋሳ የምትኖሩና ቤታችሁ ገጹ የተገነጣጠለ ዳዊት ወይም ውዳሴ ማርያም ያላችሁ ሰዎች፣ የት እንደሚወሰድ ልንገራችሁ። እኔ ሱቁን ለማግኘት ሁለት ወር ተንከራትቻለሁ። እናንተ አትንከራተቱ።

ሱቁ ስም የለውም። ከቅዱስ ገብርኤል በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ጧፍና ዕጣን ከሚሸጡት ሱቆች ጀርባ አንድ ግቢ አለ። የቆርቆሮ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «መጽሐፍ ይጠረዛል» ይላል። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቆዳ፣ ሌላ ምንም የለም። ባለሙያው መሪጌታ ናቸው። መጠረዝ የተማሩት ቆሎ ተማሪ ሳሉ እንደሆነ ነግረውኛል።

መጽሐፉ የአያቴ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «እምዬ» ነው የሚላት። ነፍሷን ይማርና፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በ82 ዓመቷ አረፈች። ያሳደገችኝ እሷ ናት።

እምዬ እስከ 37 ዓመቷ ድረስ ፊደል አታውቅም ነበር። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ማታ ማታ ልጅ አዝላ ቀበሌ እየሄደች ተማረች። ቀን እንጀራ ትጋግራለች፣ ማታ ሀ ሁ ትቆጥራለች። ማንበብ እንደቻለች መጀመሪያ የገዛችው ነገር ይሄ ዳዊት ነው። ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ከእጇ አልወጣም።

ዳዊት ለሚደግም ሰው ቀኑ የተከፋፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። በዚህ ስሌት ገጾቹ እኩል ማርጀት ነበረባቸው። የእምዬ ግን እንደዚያ አይደለም። ሐሙስ የሚደገመው ክፍል ውስጥ ያለው 90ኛው መዝሙር፣ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» የሚለው፣ ገጹ ጠቁሯል። የአውራ ጣቷ ወዝ ያረፈበት ዳሩ እንደ ቆዳ ሆኗል። መብራት በጠፋ ቁጥር በጧፍ ስለምታነብ ሰም ተንጠባጥቦበታል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ከመካከላችን ለፈተና፣ ለሕክምና ወይም ለመንገድ የሚወጣ ካለ፣ ቀኑ ሰኞም ይሁን ቅዳሜ ይሄ መዝሙር ሳይነበብለት ከበር አይወጣም። ባስ ያመልጠኛል ብሎ መለመን ዋጋ የለውም። ጆንያችንን ተሸክመን፣ አንገታችንን ደፍተን ቆመን እንሰማለን።

መሪጌታ መጽሐፉን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ የገለጡት ይሄንኑ ገጽ ነው። ራሱ ነው የተገለጠላቸው ማለት ይቻላል። ሰሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ቀና ብለው «መንገደኛ ልጅ ይበዛባቸው ነበር?» አሉኝ። መልስ መስጠት አቃተኝ። እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዝም ብለው ጠበቁኝ።

ከመጨረሻው መዝሙር በኋላ ያሉት ባዶ ገጾች ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው። እምዬ እዚያ ላይ የሁላችንንም ስም ጽፋለች። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የተወለድንበት ቀን። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነስታ እንደመጣች፣ ድግሱ ሳያልቅ እስክሪብቶ ይፈለጋል። ስድስት ልጆች፣ 17 የልጅ ልጆች፣ ስምንት የልጅ ልጅ ልጆች። 31 ስም። ፊደሏ ትልልቅ ነው፣ ከመስመር ይወጣል። «ጸ»ን ሁሌም ወደ ግራ አዘንብላ ነው የምትጽፋት።

ከስድስቱ ልጆች አንዱን አልወለደችውም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መነኸሪያ አካባቢ ብቻውን ያገኘችው ልጅ ነው። ዛሬ ትልቁ አጎቴ የምለው እሱን ነው። ስሙ በዕድሜው ተራ፣ ከወለደቻቸው ሁለት ልጆች መካከል ገብቶ ተጽፏል። ምልክት የለበትም። የማያውቅ ሰው ዝርዝሩን ቢያይ ማን የተወለደ ማን የመጣ እንደሆነ አይለይም። ሌላው አጎቴ ደግሞ ወጣት ሳለ ፕሮቴስታንት ሆነ። ያኔ ቤት ውስጥ ብዙ ለቅሶ ነበር። ስሙን ግን አልሰረዘችውም። የማስጠረዣውን ገንዘብ ስናዋጣ ቀድሞ የላከው እሱ ነው።

ታዲያ የቀብሯ ዕለት ፍትሐት ሊደረስ ሲል ቄሱ የክርስትና ስሟን ጠየቁ። ስድስት ልጆቿ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱም አያውቅም። «ዳዊቱ ላይ አለ» አልንና ሮጠን አመጣነው። የ31 ሰው ስም ጽፋ የራሷን አልጻፈችም። በሕዝብ ፊት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ደግነቱ የንስሐ አባቷ በጊዜ ደረሱና ነገሩን። በዚያ ጥድፊያ ግን የመጨረሻው ቅጠል ከነስማችን ተገንጥሎ ወጣ። ቀድሞም ጀርባው ለቆ ነበር።

የጀርባው ነገር የቆየ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ስቴሽነሪ ወስደነው በኮላ ለጥፈውልን ነበር። ኮላው ሲደርቅ ወረቀቱን ይዞት ተሰነጠቀ። በዚህኛው ጊዜ መጀመሪያ የሄድኩበት ማተሚያ ቤት ደግሞ «ሦስቱን ጎን በማሽን ልቁረጠውና አዲስ ይምሰል» አለኝ። ያ የጣቷ ወዝ ያለበት ዳር ተቆርጦ ሊጣል ነው ማለት ነው። ስም የተጻፈበትን ቅጠል ደግሞ «ይሄ የመጽሐፉ አካል አይደለም፣ ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ያዢው» አለኝ። መጽሐፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

መሪጌታ ምንም አልቆረጡም። የድሮውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ እያለሰለሱ በቢላ ጫፍ አነሱት። አንድ ቀን መንገዴን አሳብሬ ስገባ ይሄንኑ ሲሠሩ አገኘኋቸው። ከአንድ ጣት የማይበልጥ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ከዚያ መጽሐፉን በየጥራዙ ለያይተው፣ የተቀደደውን በስስ ወረቀትና በዱቄት ሙጫ ደግፈው፣ ሰም በተቀባ ክር በእጃቸው ሰፉት። ክሩን ሲስቡት ሲር የሚል ድምፅ አለው። ሽፋኑ በሁለት ስስ የእንጨት ገበታ ላይ የተለበጠ፣ ባሕር አረብ የሚባለው ቀይ ቆዳ ነው። መካከሉ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ መስቀል አለበት። እኔ በጌጥ ተሞልቶ ሐረግ በሐረግ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። «እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ይወዱ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ አትወድም። ሐይቅ ዳር ከ50 ዓመት በላይ ኖራ በሁዳዴ አንድ ቀን ዓሣ ያልቀመሰች ሴት ናት። ጎረቤት ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ሲያመጣላት ለሕፃናቱ ጠብሳ ሰጥታ እሷ ሽሮዋን ትበላለች። መስቀሉ ብቻ ይበቃል አልኳቸው።

ስለ ሰሙም ተነጋግረናል። እናቴ ይጽዳ ባይ ነበረች። እሳቸው ማንሳት እንደሚችሉ ነገሩን፤ ግን አልቸኮሉም። «እናንተ ተነጋገሩና ንገሩኝ፣ አንዴ ከተነሳ አይመለስም» አሉ። እናቴ አንድ ሌሊት አደረችበትና ይቅር አለች።

ይህን ሁሉ ባይሠሩልኝ እንኳን ስለ አንድ ነገር ብቻ ይህን ጽሑፍ እጽፍ ነበር። ሊሰፉ ሲሉ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የስሙ ገጽ ሞልቷል። ባዶ ወረቀት ልጨምርበት?» አሉኝ። እኔ ይሄን አላሰብኩትም። በሐሳቤ መጽሐፉ ከእምዬ ጋር አልቋል። እንደነበረ አስጠርዤ ሣጥን ውስጥ ላስቀምጠው ነበር የፈለግኩት። እሳቸው ስምንት ቅጠል ጨመሩበት። 16 ገጽ ማለት ነው። «የእሳቸውም ስም የለም እኮ፣ እሱን ማን ይጽፋል?» ብለው ደግሞ ጠየቁ።

የጻፈው ትልቁ አጎቴ ነው። መነኸሪያ የተገኘው። ከመጀመሪያው ስም በላይ ጠባብ ቦታ ነበረች፣ እዚያ ላይ የክርስትና ስሟን ጻፈ። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፊደሉ የእሷን መሰለ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ሣጥን አልገባም። ሐዋሳ ውስጥ ያለን አምስት ቤት በየሳምንቱ እንቀባበለዋለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ይወስደዋል። ከአቶቴ ሰፈር ወደ ታቦር፣ ከታቦር ወደ እኛ፣ በባጃጅ፣ በቦርሳ፣ በፌስታል ሳይቀር ተጉዟል። ዘጠኝ ወር ሆነው። አንድ ክር አልተበጠሰም፣ አንድ ቅጠል አልለቀቀም። የአክስቴ ልጅ አንዴ ከቁም ሳጥን ላይ ጥሎት የሽፋኑ አንድ ጥግ ተጎድቷል፣ እንጨቱ ግን አልተሰነጠቀም። እኔ ጋ ሲሆን ሐሙስ ማታ ፕሮቴስታንቱ አጎቴ ይደውላል። «91 ደረስሽ?» ይለኛል። «90» እለዋለሁ። በእሱ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ በአንድ ይበልጣል፣ መዝሙሩ ያው ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደርገዋለሁ፣ አብረን እናነባለን።

ጉድለቱንም ልናገር። አንደኛ፣ ጊዜ። ሦስት ሳምንት ተብዬ ሰባት ሳምንት ፈጀ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ሰጥቼ ግንቦት አጋማሽ ነው የተረከብኩት። በሰሞነ ሕማማት መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ስልክም አያነሱም። የሚገባ ነው፣ ግን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ባልተጨነቅኩ ነበር። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ይለቃል። ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ይዘነው ወጥተን ዝናብ መታንና የእናቴ ነጭ ነጠላ ቀይ ሆነ። ታጥቦም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። መልሼ ስነግራቸው ሳያንገራግሩ ሽፋኑን በሰም አሹልኝ፣ ገንዘብም አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ አልለቀቀም። እናንተ ግን ከመጀመሪያው እንዲያሹት ጠይቁ። ሦስተኛ፣ አብረው የሠሩልኝ ማኅደር፣ ማለትም የመጽሐፉ መያዣ፣ ማንገቻው አጭር ነው። ቁመተ ረጅም ሰው ብብቱ ሥር ነው የሚይዘው። የመጀመሪያው ወር ላይ ጥራዙ ድርቅ ስለሚል በሁለት እጅ መያዝ ግድ ነው። እሱ ግን እየላላ ይሄዳል።

ዋጋው ለጥራዙ 3,200 ብር፣ ለማኅደሩ 900 ብር ነበር። ግማሹን ቅድሚያ ይቀበላሉ። ደረሰኝ የላቸውም፣ ደብተር ላይ ጽፈው ያስፈርሟችኋል። ርካሽ አይደለም። ለስድስት ልጆች ስናካፍለው ግን ማንም አላጉረመረመም።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ 80 ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነሳች። 32ኛው ስም አዲሱ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ሆኖ ተጻፈ። ወረቀቱ ነጭ ስለሆነ ከድሮው ገጽ ጎን ትንሽ ያስደነግጣል።

የምትሄዱ ከሆነ መጽሐፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ውሰዱ። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነው የሚገኙት። ከውስጡ ያለውን ምንም ነገር አታውጡ፤ ፎቶም ይሁን የደረቀ አበባ፣ የቱ ገጽ ላይ እንደነበረ መዝግበው በቦታው ይመልሳሉ። በእኛው 50ኛው መዝሙር ላይ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ የጎመን ዘር ነበር። አሁንም እዚያው አለ።