ሰባት ወር ከባልሳዋ ከብ ጋር

ኅዳር ላይ ገዛኋት፣ አሁን ሰኔ ነው። ፓይፐር ከብ የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ሞዴል ናት፤ ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት ራሳችሁ የምትገጣጥሟት። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 33 ሴንቲ ሜትር። በጎማ ፋንታ ሁለት ጀልባ የመሰሉ ተንሳፋፊ እግሮች አሏት። ሪሞት የለ፣ ባትሪ የለ። ፕሮፔለሯን የሚያዞረውን ላስቲኳን ጠምዝዞ መልቀቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷና የፈጣሪ ጉዳይ ነው።

ሳጥኑ ላይ «ቀላል» ይላል። ክብደቷን ከሆነ እሺ። ሥራዋን ከሆነ ግን ዋሽተዋል። በሁለት ቅዳሜና እሁድ እጨርሳታለሁ ብዬ አምስት ሳምንት ፈጀችብኝ።

መጀመሪያ እንጨቱን መዝኑ። ባልሳ እንደየዛፉ ይለያያል። እኩል ስፋትና ውፍረት ያላቸውን ሁለት ቁራጮች በወርቅ ሚዛን ሳያቸው አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከባዱን ጭራ ላይ እንዳታደርጉት። ጭራ ከሚዛን ነጥቧ ሩቅ ስለሆነ እዚያ የተጨመረች አንዲት ግራም፣ ሚዛኗን ለመመለስ አፍንጫ ላይ ሁለት ሦስት ግራም ፕላስቲሲን (የልጆች መጫወቻ ጭቃ) ታስከፍላችኋለች።

ትልቁ ቅሬታዬ እግሮቹ ላይ ነው። ያለ እነሱ 9 ግራም ነበረች፣ ከነሱ ጋር 13። አርባ ሰከንድ ትበር የነበረችው አሁን 25 ካለፈች እልል ነው። ክብደቱስ ይሁን፤ የእግሮቹ ፊት ከሚዛን ነጥቧ ቀድሞ ስለሚወጣ አየሩ ወደ ጎን ይገፋታል፣ አፍንጫዋን ታዞርና በቀጥታ ግድግዳ። ሦስት ጊዜ ክንፏን ከጠገንኩ በኋላ ነው ከጭራዋ ሥር የጥፍር ያህል ተጨማሪ ክንፍ የለጠፍኩላት፣ እውነተኞቹ የውሃ አውሮፕላኖችም ብዙዎቹ አላቸው። ማኑዋሉ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም!

ላስቲኳም ጉድ ሠርታኛለች። ሆዷ ውስጥ እያለች ስጠመዝዛት ተበጥሳ ከአጽሟ ሦስት የእንጨት ዘንግ ይዛ ወጣች። አሁን መጀመሪያ ሆዷ እንዳይጎዳ ቱቦ አስገባለሁ፣ ሲሊኮን ዘይት እቀባታለሁ፣ ለጥጬ እጠመዝዛለሁ።

ከውሃ መነሳቷስ? እዚህ ሜሪላንድ በአንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ አራት እንጨት አጋጥሜ ፕላስቲክ ዘረጋሁና ሁለት ጣት ውሃ ሞላሁ። ዘበኛው በጥርጣሬ ያየኛል። የመጀመሪያ ቀን ውሃው ያዛት፣ እግሮቿ የተሸፈኑበት ስስ ወረቀትም ርሶ እንደ ትናንት እንጀራ ተጣበቀ። ስስ ቫርኒሽ ነፋሁበትና በሳምንቱ ተመለስኩ። ፕሮፔለሯ ጮኸ፣ እግሮቿ ሁለት ቀጭን መስመር አሰመሩ፣ የፊታቸው ጫፍ ብቅ አለ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ከተረከዟ አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ጠብ አለች። ዘበኛው ስለ ጠብታዋ ምንም አላለም፣ አንገቱን አቅንቶ ጣራ ጣራውን ያያል።

ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ የመጀመሪያችሁ ከሆነ አይሆንም፣ ባለ ጎማዋን ውሰዱ። እኔ ግን አልሸጣትም። አሁን ፍሪጅ ላይ ተቀምጣለች። ግራ እግሯ ባለፈው እሁድ የቅርጫት ኳሱ መረብ ላይ ቀርቷል፤ መሰላሉ የሚገኘው ደግሞ ማክሰኞ ነው።