ስታዲየሙ ጋ ያለችው የአዴ ጀበና ቡና

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ኳስ ለማየት ምትመጡ ልጆች፣ ከመግባታችሁ በፊት መንገድ ዳር የላስቲክ ጣሪያ ያላት ጀበና ቡና አለች፣ ታፔላ የላትም ግን ባጃጁን በባለቤቷ ስም "አዴ ጋ" በሉት።

ቡናው ፊታችሁ ተቆልቶ ነው ሚፈላው፣ ጤና አዳም ካላችሁ ጣል ያደርጉበታል። ቆሎው አንዳንዴ ይጠጥራል፣ ዝናብ ሲመጣ ደሞ ጣሪያው በአንድ በኩል ያፈሳል እና ጃኬት ያዙ።

እኔን ሚያመላልሰኝ ግን ግድግዳው ነው። የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ከጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ልዩነት ዋንጫውን ሲበላ ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ አለ፣ አጥቂው ኦኪኪ አፎላቢ አለ፣ አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ አለ፣ ጠርዙ ሁሉ በጭስ ጠቁሯል፣ አዴ ግን አያነሱትም። ያን ሰሞን በርጩማ ጠፍቶ ሰው ሲኒውን ይዞ ቆሞ ነበር ሚጠጣው።

በ2014 ከሊጉ ስንወርድ በቃ ሰው ይበተናል ብዬ ነበር። አልተበተነም። አዲስ አበባ ስታዲየም የተመልካቹ መቀመጫ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ እንደሚባለው እዚህም ቦታው በሰፈር ተለይቷል፣ በሩ ጋ የሂርማታ ልጆች፣ ምድጃው ጋ የቆጪ ልጆች፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንኳን ቢቀመጥ ሁሉም ዞር ብሎ ያየዋል፣ ከዛ ጠጋ ጠጋ ብለው ያስቀምጡታል ደሞ።

የአክስቴ ልጅ ቦስተን ነው ሚኖረው፣ ሲመጣ ይዤው ሄድኩና ስለ ፌንዌይ ፓርክ አጫወተን፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተ የቤዝቦል ስታዲየም ነው፣ የቦስተኑ ቡድን ሬድ ሶክስ አሁንም እዛው ነው ሚጫወተው። ከ1918 እስከ 2004፣ 86 ዓመት ሙሉ ዋንጫ አልበሉም፣ ሰው ግን አያቱ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ ለልጁ እያሳየ ይመጣ ነበር አለን። የቆጪዎቹ ዝም ብለው ሰሙት። አንዱ "እኛ ገና ምን አየንና" አለ፣ አዴ ደሞ ሳይጠየቁ ሁለተኛ ሲኒ ቀዱለት።

ጨዋታ እየተካሄደ እዛ ከቆያችሁ ደሞ ጩኸቱ ይመጣል፣ አዴ ጀበናውን እንደያዙ ቆም ይላሉ፣ ጎል ይሁን ሙከራ ከድምፁ ብቻ ይለያሉ፣ ሲሳሳቱ አላየሁም።

ሲኒው 20 ብር ነው። በጨዋታ ቀን አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ካልደረሳችሁ በርጩማ አታገኙም።